የጥናት ጽሑፍን ወደ ክፍል እናምጣ፤ ከደሴ ገበያ እንጀምር

የተከበራችሁ የኢኮኖሚክስ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

በኮሌጆቻችን ኢኮኖሚክስ በአብዛኛው የሚሰጠው በሞጁልና በሃንዳውት ነው። ሞጁል ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ለተማሪው የሚያቀርብለት ያለቀ መደምደሚያ እንጂ መደምደሚያው የተደረሰበትን መንገድ አይደለም። በዚህም ምክንያት ተማሪው ኢኮኖሚስቶች ምን እንዳሉ ቢያውቅም፣ በምን ማስረጃ እንዳሉትና ማን እንደተከራከራቸው ሳያይ ይመረቃል። ስለዚህ የጥናት ጽሑፎችን ከኮርሱ መጨረሻ ከሚደረደር የንባብ ዝርዝር አውጥተን ዋና ማስተማሪያ እንድናደርጋቸው አሳስባለሁ።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ትንተና ከመረመራቸው ረሃቦች አንዱ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ነው። ካቀረባቸው ማስረጃዎች መካከል የዚህችው የደሴ ከተማ የእህል ዋጋ ይገኝበታል። ሰን በዚያ ክፉ ዘመን ዋጋው እጅግ እንዳልናረ፣ ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የወጣ እህልም እንደነበረ ጠቅሶ፣ ሕዝቡ ያለቀው በአገሪቱ እህል ስለጠፋ ሳይሆን ሰብሉ የከሸፈበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የመግዛት አቅም ስላጣ ነው ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ተመራማሪው ስቴፈን ዴቨሮ የወሎን ጉዳይ እንደገና መርምሮ የአቅርቦት እጥረትን ከምክንያትነት ማውጣት እንደማይቻል ጻፈ።

ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ክፍል ሲነበቡ ተማሪው በአንደኛ ዓመት የሳለው የፍላጎት መስመር (ዋጋና ገዢዎች የሚገዙት መጠን ያላቸውን ግንኙነት የሚያሳየው) ሕይወት ይዘራል። ዋጋ አለመናሩ እህል መትረፉን ያሳያል ወይስ ገዢው ባዶ እጁን መቅረቱን? የደሴ ዋጋ መንገድ ያልደረሰበትን የገጠር ገበያ ይወክላል? አያቶቹ ያንን ዘመን ያዩ የወሎ ተማሪ እነዚህን ጥያቄዎች በሽምደዳ አያልፋቸውም፤ ቤቱ ሄዶ ይጠይቃል፣ የሰማውንም ከሠንጠረዡ ጋር ያስተያያል። ከዚህ የተሻለ የማስረጃ ምዘና ትምህርት አላውቅም።

ለኮምቦልቻ ተማሪዎች ደግሞ ኢኮኖሚስቶቹ ብላትማንና ደርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ሰዎችን ሥራው በሚሰጣቸውና በማይሰጣቸው ቡድኖች በዕጣ መድበው የተከታተሉበት ሲሆን፣ ሥራውን ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀዋል። በኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ የሚማር ወጣት ምክንያቱን ለማወቅ ጽሑፉን በጉጉት እንደሚያነብ አምናለሁ።

ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛና በከባድ ሒሳብ መጻፋቸው እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም ሁሉን በአንድ ጊዜ ማንበብ ግዴታ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት መግቢያውን ብቻ እንስጥና ጥያቄው ምን እንደሆነ ተማሪው በአማርኛ ይጻፍ፤ በሁለተኛው አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ወስደን ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ፣ ምን ያህልስ እንደሚታመኑ እንወያይ። የማስላት ዘዴው የኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመተንተን) ኮርስ እስኪደርስ ሊቆይ ይችላል። ጽሑፎቹን ማግኘትም እንደ ቀድሞው አዳጋች አይደለም፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ለሰፊ አንባቢ የሚያዘጋጀው ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በነጻ ይነበባል፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርም የራሱ ጆርናል አለው።

የምጠይቃችሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር እያንዳንዳችን በምናስተምረው ኮርስ አንድ ጽሑፍና አንድ ተቃራኒውን እንድናስገባ፣ የመጨረሻው ፈተናም ቢያንስ አንድ ጥያቄ ከእነርሱ ሠንጠረዥ እንዲያወጣ ነው፤ ፈተና ላይ የማይመጣውን ተማሪ እንደማያነበው ሁላችንም እናውቃለንና።

አመሰግናለሁ።