ድምፁ ነው እንጂ ካሴቱ አልተበላሸም

ቤዛ፦ እሺ፣ ገባን። ሄኖክ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ስለ አንድ ሩሲያዊ ተዋናይ አወራላችኋለሁ» እያለ ሲያስፈራራን ነበር። ዛሬ ቀኑ ደረሰ።

ሄኖክ፦ ተዋናይና ገጣሚ።

ቤዛ፦ ተዋናይና ገጣሚ። እሱም ዘመዳችን ነው?

ሄኖክ፦ (ይስቃል) አይደለም! ፑሽኪንን ተዪልኝ።

ቤዛ፦ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ሰጥተነዋል እኮ። ሩሲያዊ ገጣሚ ሲባል ቅድመ አያቱን መጠየቅ ለምዶብኛል።

ሄኖክ፦ ቭላድሚር ቪሶትስኪ ይባላል። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። 1938 ሞስኮ ተወለደ፣ 1980 እዚያው ሞስኮ ሞተ። 42 ዓመቱ ነበር። በቃ፣ የሕይወት ታሪኩ አለቀ። አሁን ስለ ጋሼ ላውራ።

ቤዛ፦ ይኸው፣ ጀመረ!

ሄኖክ፦ ያለ ጋሼ አይገባሽም። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ነው የተማረው። ሲመለስ አንድ ቴፕና ጥቂት ካሴቶች ይዞ መጣ። እሁድ እሁድ ከቡና በኋላ አንዱን ያስገባል። ወዲያው አንድ የታነቀ ሰውዬ መጮህ ይጀምራል።

ቤዛ፦ የታነቀ!

ሄኖክ፦ የምሬን ነው። አንድ ጊታር አለ። ከኋላ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ። ከዚያ ጉሮሮው የተላጠ ሰው። ሌላ ዘፋኝ «አ»ን ይስባል፣ አይደል? ይሄ «ር»ን ነው የሚስበው። እርርርር! ሰባት ዓመቴ ነበር። «ጋሼ፣ ካሴቱ ተበላሽቷል» አልኩት። «ድምፁ ነው እንጂ ካሴቱ አልተበላሸም» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ።

ቤዛ፦ እና ይሄ ነው ታሪኩ?

ሄኖክ፦ ገና ነው። ቡሄ ደረሰ። ከሰፈር ልጆች ጋር ልምምዳችንን መቅዳት አማረን። ባዶ ካሴት የለም። ጋሼ ደግሞ እንዳይቀዳበት ብሎ ካሴቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰብሯቸዋል።

ቤዛ፦ አውቀዋለሁ! ቀዳዳው ላይ ወረቀት ትወትፍበታለህ፣ ይቀዳል።

ሄኖክ፦ ወተፍኩበታ።

ቤዛ፦ ወይኔ ሄኖክ። ይሄ እኮ ታስቦበት የተፈጸመ ወንጀል ነው።

ሄኖክ፦ ቪሶትስኪ ላይ ሆያ ሆዬ ቀዳሁበት። እሁድ ቡና ተጠጣ፣ ካሴቱ ገባ፣ ጊታሩ ጀመረ። ሰውዬው ሊጮህ አፉን ሲከፍት... «ሆ!»

ቤዛ፦ (ሳቅ) በቃ፣ ሞትኩ። ጋሼስ ምን አደረገህ?

ሄኖክ፦ አልመታኝም። ቴፑን ዘጋና በረንዳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ።

ቤዛ፦ ያ ይብሳል። ግን ሌላ አይገዛም ነበር?

ሄኖክ፦ እኮ! ከየት ይገዛል? ሰውዬው በሕይወት እያለ በአገሩ ከጥቂት ትንንሽ ሸክላዎች በቀር በወጉ አልታተመለትም። የግጥም መጽሐፉም የወጣው 1981 ነው፣ ከሞተ በኋላ። ወዳጅ ቤት ሲዘፍን አንዱ ቴፕ ይከፍታል። ከዚያ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተቀዳ አገሩን ያዳርሳል። ያ የሰማሁት ዝናብ እሱ ነው። የቅጂ ቅጂ ቅጂ።

ቤዛ፦ ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ ዘፋኝ ነዋ። ገጣሚ ያልከው ምኑን ነው?

ሄኖክ፦ ራሱ መድረክ ላይ «ይሄ በጊታር የታጀበ ግጥም ነው» ይል ነበር።

ቤዛ፦ እኛ አገር አዝማሪ ይባላል።

ሄኖክ፦ አዝማሪ ገጣሚ አይደለም?

ቤዛ፦ ነው። ግን አዝማሪ ነው።

ሄኖክ፦ አዝማሪ አንቺን አይቶ ይገጥምልሻል። ይሄ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚገጥመው። እስረኛ ይሆናል፣ ወታደር ይሆናል። አንዱ ላይ ራሱ የጦር አውሮፕላኑን ሆኖ በአብራሪው ያማርራል!

ቤዛ፦ አውሮፕላኑ ነው የሚያማርረው?

ሄኖክ፦ አውሮፕላኑ! የድሮ ዘማቾች አብሯቸው የተዋጋ እየመሰላቸው ይጽፉለት ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ እኮ የሰባት ዓመት ልጅ ነው።

ቤዛ፦ ይሄማ ተዋናይነት ነው።

ሄኖክ፦ እኮ! ተዋናይ ነው እያልኩሽ!

ቤዛ፦ አሁን ገጣሚ ነው ስትል አልነበር?

ሄኖክ፦ ሁለቱንም ነው። እንለፈው።

ቤዛ፦ አላለፍኩትም። ግን ቀጥል። የፍቅር ነገር የለም?

ሄኖክ፦ ማሪና ቭላዲ፣ ፈረንሳዊት ተዋናይ። 1970 ተጋቡ። እሱ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል። አሁን ስለ ቲያትሩ ላውራ፣ ሰዓቱ አለቀ። ሞስኮ ውስጥ ታጋንካ የሚባል ቲያትር ቤት አለ። 1964 ገባ። አዘጋጁ ዩሪ ሊዩቢሞቭ ነው። 1971 በሼክስፒር ተውኔት ሐምሌትን ሆኖ ወጣ።

ቤዛ፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመልን ሐምሌት።

ሄኖክ፦ እሱው። ግን የእነሱን አካሄድ ስሚ። ተመልካቹ ገና ወንበሩን ሲፈልግ ሐምሌት ቀድሞ መድረኩ ላይ አለ። ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር፣ ጊታሩን ይዞ ተቀምጧል። ከዚያ ተነስቶ የሩሲያዊውን ደራሲ የፓስተርናክን ግጥም ይዘፍናል። ግጥሙ ደግሞ በአገሩ ከታገደ ልብ ወለድ የመጣ ነው።

ቤዛ፦ ኧረ! እንዴት አለፈ?

ሄኖክ፦ አለፈ በቃ። ከሱፍ የተሠራ ትልቅ መጋረጃ ደግሞ ነበር። አይከፈትም፣ አይዘጋም፣ መድረኩ ላይ ይዞራል። ሰው ይጠርጋል፣ ሰው ይደብቃል። ያ መጋረጃ ራሱ ተዋናይ ነው። ሰውዬው ይጠጣ ነበር፣ በኋላ ሞርፊንም ገባበት፣ ልቡ ደከመ። እንደዚያም ሆኖ ሐምሌት 18፣ 1980... ይቅርታ፣ ጁላይ 18፣ ሐምሌትን ሠራ።

ቤዛ፦ (ሳቅ) ሐምሌት በሐምሌ!

ሄኖክ፦ በሳምንቱ ሞተ። ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ ናት። ጋዜጣ ላይ የወጣው አጭር ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሰዉ ግን በአስር ሺዎች ወጣ። ጁላይ 27 ሐምሌት ሊታይ ነበርና ቲያትር ቤቱ የቲኬት ገንዘብ ልመልስ ሲል፣ ቲኬቱን የመለሰ የለም ይባላል።

ቤዛ፦ ዝም አሰኘኸኝ።

ሄኖክ፦ አምና ዘፈኖቹን በሙሉ በፍላሽ ጭኜ ለጋሼ ወሰድኩለት። ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ግማሽ ዘፈን ሰማና «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለኝ።

ቤዛ፦ ዝናቡ ጠፍቶበት ነው! በሚቀጥለው እሱን እንጥራዋ።

ሄኖክ፦ አይመጣም። አዝማሪ ብለሽበታል።