በሽታውን የተናገረ አገር ምን ይገጥመዋል?

[ምስል፦ ማለዳ፣ ጅማ። የአዌቱ ወንዝ ድልድይ፣ ባጃጆች፣ ጭጋግ።]

ኅዳር 2018 ላይ አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ለሰርግ ወደ ጅማ ሊመጡ ትኬት ቆርጠው ነበር።

«ልጄ፣ እናንተ ጋ ደም የሚያስፈስስ በሽታ ገባ አሉ። ደህና ናችሁ?»

«አክስቴ፣ ጂንካ ነው። እኛ ጅማ ነን።»

«ቢሆንም ይቅርብኝ። ሙሽሮቹን በስልክ እመርቃለሁ።»

ቀሩ። ጂንካ ደቡብ ኦሞ ነው። እኛን ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ያገናኘን የስም መመሳሰል ብቻ ነው። የበሽታው ስም ማርበርግ ራሱ የጀርመን ከተማ ስም ነው። ቫይረሱ በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እዚያ ስለሆነ፣ ከተማዋ እስከ ዛሬ በበሽታ ትጠራለች። (ይህና ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችና ቀኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አክስቴን አልወቅሳቸውም። አገሮችም እንዲሁ ናቸው። የበሽታ ስም ሲሰሙ መጀመሪያ በር ይዘጋሉ፤ ካርታ የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እሺ፣ ያልደበቀውስ? «በሽታ ተገኝቶብኛል» ብሎ በአደባባይ የተናገረ አገር ምን ሕግ ይጠብቀዋል?

[ምስል፦ ቢጫ የክትባት ካርድ በእጅ ላይ።]

ይህን ካርድ ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር የሄደ ሰው ካለ ቤታችሁ ውስጥ አንድ አይጠፋም። የቢጫ ወባ ክትባት መረጃ ነው። ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን አንዴ የተከተበ ለዕድሜ ልኩ ይሠራለታል። ቦሌ ያለው ሠራተኛም፣ ሌላ አህጉር ላይ ያለው የኬላ ሠራተኛም ካርዱን በአንድ ዓይን የሚያዩት ከጀርባው አንድ ሕግ ስላለ ነው። ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ይባላል። በ2005 ጸደቀ፣ በ2007 ሥራ ላይ ዋለ፣ 196 አገሮች አሉበት። ኢትዮጵያም አለችበት።

ደንቡን እንደ ሁለት ጎረቤቶች ውል አስቡት። አንዱ «ቤቴ ውስጥ የሚዛመት ነገር ካየሁ ሳልውል ሳላድር እነግርሃለሁ» ይላል። ሌላው «ከነገርከኝ ያለ በቂ ምክንያት በሬን አልዘጋብህም» ይላል።

ሳልውል ሳላድር ያልኩት ለቃሉ ማማር አይደለም። አንድ አገር ክስተቱን ገምግሞ ለሌሎችም ሊያሰጋ እንደሚችል ካወቀ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። በር የሚዘጋውም ግዴታ አለበት። ምክንያቱ ሳይንሳዊ መሆን አለበት። ከመዝጋት የቀለለ መላ ካለ እሱን መውሰድ አለበት። መንገደኛ ወይም ዕቃ እንዳይገባ የሚከለክል ወይም ከ24 ሰዓት በላይ የሚያግድ ከሆነ፣ ለምን እንዳደረገው በ48 ሰዓት ውስጥ ለድርጅቱ ማስረዳት አለበት።

ወረቀቱ ላይ ውሉ ሚዛን የያዘ ይመስላል። በተግባር ግን የመጀመሪያው ጎረቤት ሸክም ይከብዳል።

[ምስል፦ የውኃ ጀሪካን የያዙ ሴቶች፤ አንድ ጠርሙስ ውኃ አጋር።]

«አተት» የሚለውን ቃል የማያስታውስ አለ? አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ሬዲዮው ውኃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ፣ ውኃ አጋር ጨምሩ ይለን ነበር። ከ2006 ጀምሮ በተደጋጋሚ በተነሱት ወረርሽኞች ለዓመታት በይፋ ስንሰማ የኖርነው ይህን ስም ነው። ኮሌራ የሚለው ቃል አፍ ላይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነበር።

የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደንቡ ከጀርባው በስም የዘረዘራቸው በሽታዎች አሉ። ኮሌራ አለበት፣ ቢጫ ወባ አለበት፣ ማርበርግ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲገኝ አገሩ «ለዓለም ልናገር ወይስ አልናገር» የሚለውን ግምገማ የግድ ማድረግ አለበት። ተቅማጥና ትውከት ግን በስም አልተጻፈም። ስሙ ሲለወጥ ግዴታውም ይላላል። አገሮች ይህን የሚያደርጉት ክፉ ስለሆኑ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ቱሪስት ይቀራል፣ ዕቃ ወደብ ላይ ይታገዳል ብለው ይፈራሉ። የሚጎዳው ግን ውኃውን ሳያፈላ የጠጣው ሰው ነው። ለእሱ ኮሌራ የሚለው ቃል በጊዜ ቢነገረው ኖሮ የበለጠ ይጠነቀቅ ነበር። እኔ እዚህ ላይ መሃል አልሰፍርም፦ በሽታ በስሙ መጠራት አለበት።

ፍርሃቱ አዲስ አይደለም። በ1851 ፓሪስ ላይ 12 አገሮች ስለ ኮሌራና ስለ ኳራንቲን ሊነጋገሩ ተሰበሰቡ። ከእያንዳንዱ አገር አንድ ሐኪምና አንድ ዲፕሎማት መጡ። ገና ከመነሻው ጤናና ፖለቲካ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ንግዷን ስለሚያስተጓጉል ኳራንቲንን ትቃወም ነበር። ሥራ ላይ የዋለ የመጀመሪያው ስምምነት የተገኘው በ1892 ነው። 41 ዓመት ፈጀ።

[ምስል፦ ባዶ አውሮፕላን ማረፊያ።]

አሁን ወደተናገረው አገር እንምጣ። ኅዳር 2021። የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሳይንቲስቶች አዲስ የኮቪድ ዝርያ አዩ። አልደበቁም፣ ወዲያው ተናገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሁለት ቀን ውስጥ ኦሚክሮን አለው። ሆን ብሎ የግሪክ ፊደል ሰጠው፤ የአገር ስም እንዳይለጠፍበት። በቀናት ውስጥ ግን ብዙ አገሮች ከደቡባዊ አፍሪካ የሚነሱ በረራዎችን አገዱ። ከዚያስ? ኔዘርላንድስ የራሷን አሮጌ ናሙናዎች ስትመረምር ኦሚክሮን አገኘች። ናሙናዎቹ የተወሰዱት ኅዳር 19 እና 23 ነው። ደቡብ አፍሪካ ከመናገሯ በፊት። በሩ ሲዘጋ እንግዳው ቤት ውስጥ ነበር።

ታዲያ ደቡብ አፍሪካ ለምን ክስ አታቀርብም? ደንቡ ለክርክር መንገድ አለው። መጀመሪያ ተነጋገሩ ይላል። ካልሆነ የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ይሸምግል ይላል። ካልሆነ ደግሞ የግልግል ዳኝነት አለ፤ ግን ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ብቻ። በር የዘጋው «አልዳኝም» ካለ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ቅጣት የለም፣ ካሳም የለም።

አንድ አገር ደግሞ በዚህ ውል ላይ ሌላ ጥያቄ አንስታለች። ኢንዶኔዥያ። በወፍ ጉንፋን ብዙ ሰው ሞቶባታል፤ የቫይረሱን ናሙናም ትልክ ነበር። ከናሙናዋ ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ክትባት እየሠራ መሆኑን ሰማች። ክትባቱን ግን እሷ መግዛት አለባት፤ ያውም አቅሟ ከፈቀደ፣ ያውም ከተረፈ። በ2007 መጀመሪያ ናሙና መላክ አቆመች። ብዙዎች ዓለምን አደጋ ላይ ጣለች አሉ። አቁማ መቆየቷ እኔንም ያስፈራኛል። ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር። የጅማ ገበሬ ቡናው ውጭ ተቆልቶ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። ከአራት ዓመት ድርድር በኋላ፣ በ2011፣ ለወረርሽኝ በሚያሰጉ የጉንፋን ቫይረሶች ላይ ናሙናንና ጥቅምን የሚያገናኝ ማዕቀፍ ጸደቀ። ለጉንፋን ብቻ።

[ምስል፦ ጄኔቫ፣ የስብሰባ አዳራሽ።]

ለሌሎቹ በሽታዎች ግንቦት 20 ቀን 2025 የወረርሽኝ ስምምነት ጸደቀ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ናሙናና የዘረመል መረጃ በፍጥነት ይሰጣል፤ በሥርዓቱ የገቡ የክትባትና የመድኃኒት አምራቾች ደግሞ ወረርሽኝ ሲነሳ ከሚያመርቱት 20 በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት ያቀርባሉ። ከዚህ ቢያንስ ግማሹ በነፃ፣ የቀረው በተመጣጣኝ ዋጋ። ማን፣ ምን፣ በምን ውል ይሰጣል የሚለው ዝርዝር ግን ለአባሪ ተተወ። አባሪው ካልጸደቀ ስምምነቱ ለፊርማ አይከፈትም፤ ከዚያም 60 አገሮች ሲያጸድቁት ነው ሕግ የሚሆነው። አሜሪካ ደግሞ ከዓለም ጤና ድርጅት ለመውጣት ጥር 2025 ላይ ወስና ጥር 2026 ላይ ወጥታለች፤ የተሻሻለውንም የጤና ደንብ አልቀበልም ብላለች። ትልቁ ጎረቤት ከዕድሩ ሲወጣ ድንኳኑ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

[ምስል፦ ጀበና፣ ረከቦት፣ ጭስ።]

ማርበርግን ኢትዮጵያ ኅዳር 14 ቀን 2025 በስሙ ጠርታ አሳወቀች። አጣዳፊ ምናምን አላለችም። የዓለም ጤና ድርጅትም በጉዞና በንግድ ላይ ዕገዳ አትጣሉ ብሎ መከረ። ጥር 2026 ላይ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ።

በየካቲት አክስቴ መጡ። ሙሽሮቹን ፊት ለፊት መረቁ። ቡና ላይ ተቀምጠን ይህን ሁሉ አወራኋቸው፤ ደንቡን፣ ናሙናውን፣ 20 በመቶውን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ሁለተኛውን ስኒ ሲቀበሉኝ እንዲህ አሉ።

«እሱስ ይሁን ልጄ። ታዲያ ያን ቀን አለብን ብለው ለተናገሩት ለጂንካዎቹ ምን ተደረገላቸው?»