ክትትላችን ይመለስልን

የተከበራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከጤና ቢሮ የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ እንደ እኔው በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ወገኖቼ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ አምስት ወር አልፏል። እኔ የስኳር ታማሚ ነኝ። ክትትል የማደርግበት ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምናውን ሲያቋርጥ ቀጠሮዬ ተሰረዘ። ለወረርሽኙ አልጋ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ በዚህ አልከራከርም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ኢንሱሊንህን ከዚያ ትወስዳለህ» ያለኝ ሰው አለመኖሩ። በካርድ ክፍሉ መስኮት «ለጊዜው ቆሟል» ተባልሁ። ኢንሱሊን ግን ለጊዜው አይቆምም። ለቀናት የተቋረጠበት ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊሞትም ይችላል። የደም ግፊት ደግሞ ምልክት ሳይሰጥ ቆይቶ አንድ ቀን ጎንን ሽባ አድርጎ ይጥላል።

ኮሮና ይበልጥ የሚበረታው ስኳርና ግፊት ባለበት ሰው ላይ እንደሆነ ደጋግማችሁ ነግራችሁናል። እውነት ነው። ታዲያ በወረርሽኝ ወቅት ስኳሩና ግፊቱ በቁጥጥር ሥር መዋል ያለበት ሰው ማን ነው? እኛ አይደለንምን? በጣም ተጠንቀቁ የተባልነውን ሰዎች ከሐኪማችን መለየት በምን ሒሳብ ጥንቃቄ ይሆናል?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ155 አገሮች ያካሄደውን ጥናት ግንቦት መጨረሻ ላይ ይፋ ሲያደርግ፣ በ53 በመቶዎቹ የደም ግፊት ሕክምና፣ በ49 በመቶዎቹ የስኳር ሕክምና በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መቋረጡን ገልጿል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ኢቦላ በተነሣ ጊዜም ብዙ ሰው ጤና ተቋም መሄድ ፈርቶ፣ ተቋማቱም ተዘግተው፣ በሚድን ወባና በወሊድ ሕይወት ጠፍቷል። ይህን እያወቅን መድገም ያሳዝናል።

ነርሶችና ሐኪሞች፣ እናንተም መሸፈኛና ጓንት እያጠራችሁ እንደምትሠሩ አይተናል። ቁጣዬ ወደ እናንተ አይደለም። ዕቅዱ ሲወጣ እኛን ላላሰበን አካል ነው የምናገረው።

የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱና ጤናቸው ለተረጋጋ ወገኖች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ግፊቱ ለተረጋጋ ታማሚ ቢያንስ የሦስት ወሩ ለምን አይሰጠውም? ታክሲ የሚጭነው ሰው በግማሽ ተቀንሶ ታሪፉ እጥፍ በሆነበት ጊዜ፣ አንዲት አዛውንት በየወሩ ለአንድ ብልቃጥ ክኒን ከተማ አቋርጠው መሰለፍ አለባቸውን? ኢንሱሊን ለብዙ ወር ቤት ማስቀመጥ ለማይችል፣ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ደግሞ በቅርቡ ያለ ጤና ጣቢያ ይመደብለት። ትኩሳትና ሳል ያለበት የሚገባበት በር ለክትትል ከሚመጣው ይለይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው በፊት ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ መልእክት እንሰማለን። በጎ ሥራ ነው። በዚያው መልእክት ላይ «የስኳር፣ የግፊት፣ የእርግዝና ክትትላችሁን አታቋርጡ፣ ሕፃናትን አስከትቡ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባበት። በፍርሃት ቤቱ የቀረውን ሰው የሚያወጣው የእናንተ ቃል ነው።

ከጤና ቢሮ የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ክትትሉ የተቋረጠበት ሰው የት እንደሚታከም የሚገልጽ ዝርዝር በየጤና ጣቢያው በር ላይ መቼ እንደሚለጠፍ፣ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ቀኑን ንገሩን።