ነውርና በደል

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ወጣት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ገና በ14 ዓመቱ ገደማ አልጋ ወራሽ ተባለ። በ21 ዓመቱ ከሥልጣን ወረደ። ዘውድም ሳይጭን ቀረ። የአፄ ምኒልክን የልጅ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን ማለቴ ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ነበር። መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ከሥልጣን አወረዱት። ዋናው ክስ ሃይማኖቱን ለወጠ የሚል ነው። ከሙስሊሞች ጋር በላ፣ ሚስት አበዛ ተባለ። እሱ ራሱ ሐረርጌ ነበር። ቆሞ የሚመልስበት ዕድል አላገኘም።

ከክሱ ጀርባ ሌላ ጉዳይ ነበር። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን እንዳያዘነብል ሰግተዋል። የሸዋ መኳንንትም ሥልጣኑ ወደ አባቱ አገር ወደ ወሎ ሊሄድ ነው ብለው ፈርተዋል። ግን «ጥቅማችን ተነካ» ብሎ ሕዝብ መቀስቀስ ይከብዳል። «ሃይማኖቱን ካደ» ማለት ይቀላል።

እኔ ያደግኩት ወሎ ነው። በእኛ ሰፈር ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል። አክስቴ ሙስሊም ናት፣ እናቴ ክርስቲያን። የኢያሱ አባት ራስ ሚካኤልም መሐመድ አሊ ተብለው ነው ያደጉት። ክርስትና የተነሡት በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ነው። እንግዲህ ልጃቸው ከሙስሊም ዘመዶቹ ጋር ቢቀመጥ ምን ይገርማል? አባት ሃይማኖት ሲለውጡ ተመሰገኑ። ልጅ ለወጠ ተብሎ ተባረረ።

ይህን የምለው ኢያሱ ንጹሕ ነበር ለማለት አይደለም። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ምዕራብ፣ ያኔ ጊሚራ ይባል ወደነበረው አገር ዘመተ። ከዚያ ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው ለባርነት ተነድቷል። ብዙዎቹ በመንገድ አልቀዋል። ይህ በደል ነው። ያወረዱት ግን በዚህ አይደለም። እንዴትስ ይከሱታል? ከመኳንንቱ ብዙዎቹ ራሳቸው የባሪያ ጌቶች ነበሩ።

ቋንቋችን ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል። ነውር ሰው ሲያየው የሚያሳፍር ነገር ነው። በደል ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። እኛ ግን ነውር ስናይ እንጮኻለን፣ በደል ሲሆን ዝም እንላለን። ዛሬም ያው ነው። አንድ ባለሥልጣን ሠርግ ላይ ሲጨፍር የተቀረጸ ቪዲዮ ሳምንቱን ሙሉ ያነጋግረናል። በእሱ ፊርማ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የት እንዳደሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

«እንግዲያው የግል ሕይወት አይነካ» የሚሉኝ አሉ። በዚህ አልስማማም። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ጉዳይ የቤቱ ገመና አይደለም። እቤት ውስጥ አንዲት ሴት እየተጎዳች ነው። ቤት ውስጥ ተፈጸመ ማለት የግል ነው ማለት አይደለም። እኛ አገር ይህን «ገመና ነው» ብለን ስንሸፍን ስንት ሴት ተጎድታለች! የአንድ መሪ ፍቺ፣ አመጋገቡ፣ የአባቱ ሃይማኖት ሌላ ነገር ነው። በነዚህ ማንም አልተጎዳም። የሚያሳዝነኝ፣ የመጀመሪያውን ሸፍነን በሁለተኛው የምንፈርድ መሆናችን ነው።

ኢያሱ ከወረደ ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ በአባቱና በሸዋ ጦር መካከል ጦርነት ሆነ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። እሱም በ1913 ተያዘ፣ በ1928 በእስር እንዳለ ሞተ። ስለ ሚስቶቹ እስካሁን ይወራል። ከጊሚራ ከተነዱት ሰዎች ግን የአንዱን እንኳ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

አመሰግናለሁ።