የሲኒው ዕዳ፦ ያኩዛን ወደ ጨዋታ ጠረጴዛ ሳመጣ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ሰሞኑን ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር አለ። እሱን ላጫውታችሁ።

አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ቅዳሜ ማታ ማታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት ጨዋታ አለ። የኮምፒውተር አይደለም፤ የጠረጴዛ ነው። አምስት ሆነን ቁጭ እንላለን። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ አለን። አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። "በሩን እከፍታለሁ"፣ "እዋሸዋለሁ" ይላሉ፤ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ዳይሱ ይወስናል። የቀረው ሰው ሁሉ፣ ከፖሊሱ እስከ ሻይ ሻጩ፣ በእኔ አፍ ነው የሚናገረው። አጫዋቹ እኔ ነኛ።

አሁን የያዝነው ታሪክ የሚካሄደው በ2080 ኦሳካ ውስጥ ነው። ኩባንያ ከመንግሥት በላይ የሆነበት፣ ሰው ክንዱንና ዓይኑን በማሽን የሚያስቀይርበት ዘመን። እንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ያኩዛ፣ የጃፓኑ የተደራጀ ወንጀለኛ ቡድን፣ አይቀርም። እኔም በሦስተኛው ሳምንት አንድ የያኩዛ አለቃ አስገባሁ። ጥቁር ሱፍ፣ እስከ አንገቱ የወጣ ንቅሳት፣ የተቆረጠች ትንሽ ጣት፣ ጀርባው ላይ ሰይፍ። ድምፄን አጎረነንኩ። ቃላቱን ቆረጥ ቆረጥ እያደረግኩ፣ ፊልም ላይ እንደለመድነው አወራሁ። ሦስቱ ሳቁ። አራተኛዋ ዝም አለች።

እናቷ ጃፓናዊት ናቸው። ሌሎቹ ሲሄዱ ሲኒ ልታነሳሳልኝ ቀረች። ውሃው እየፈሰሰ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ጃፓን ውስጥ በደንብ የማውቃቸው ሽማግሌ አያቴ ብቻ ናቸው" አለችኝ። "እሳቸው እንደዚያ አያወሩም።" አልተቆጣችም። ሌላም አልጨመረችም። የመጨረሻውን ሲኒ ደፍታ፣ እጇን አድርቃ ሄደች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስሜቱን አውቀዋለኋ። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን ሰው ቤት ስንጫወት፣ አጫዋቹ ታሪኩን "ኢትዮጵያ" ወሰደው። አሸዋ፣ ዝንብ፣ እጁን የዘረጋ ሕፃን። ለእሱ በፈረንጅ 1984 የነበረው ረሃብ ገና አላለፈም። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ሐምሌ ላይ ትንፋሽህ እንደ ጭስ የሚታይበት አገር። ያን ቀን ምንም አልተነፈስኩም። ዳይሴን ወረወርኩ፣ ቤቴ ገባሁ። ለካ ያ የተደረገብኝን እኔም በሰው ላይ አድርጌዋለሁ።

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህ ምስል ከየት መጣ የሚለውን ነው። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሻዶውረን የሚባለው ጨዋታ የወጣው በ1989 ነው። ታሪኩ 2050 ሲያትል ውስጥ ነው፤ አሜሪካ ምድር ላይ ማለት ነው። የሚገበያዩበት ገንዘብ ግን "ኑየን" ይባላል፤ አዲሱ የን። ለምን? 1989ን አስቡት። የጃፓኑ ሶኒ የአሜሪካኑን የፊልም ድርጅት ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ሊገዛ ተስማማ። በዚያው መኸር የሚትሱቢሺው የመሬትና የሕንፃ ኩባንያ የኒውዮርኩን ሮክፌለር ሴንተር አብላጫ ድርሻ ለመግዛት ተዋዋለ። በዓመቱ መጨረሻ የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ፣ ኒኬይ፣ 38,915 ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ "ጃፓን ልትገዛን ነው" የሚል ፍርሃት ነበር። ፍርሃቱ የወሬ ብቻ አልነበረም። በ1982 ዲትሮይት አካባቢ ቪንሰንት ቺን የሚባል ወጣት ሊያገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተደብድቦ ተገደለ። የገደሉት ሰዎች ከመኪና ፋብሪካ ሥራ ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ ሥራችንን ያጣነው በእናንተ ነው እያሉ ነው የተጣሉት። ቪንሰንት ቺን ጃፓናዊ እንኳን አልነበረም፤ ቻይናዊ አሜሪካዊ ነበር።

እና ሰይፍ የያዘው የጨዋታ ያኩዛ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ስለ ጃፓን ከሚነግረን ይልቅ ስለ አሜሪካ ፍርሃት የሚነግረን ይበልጣል። የጃፓን ኢኮኖሚ ወዲያው ተንኮታኮተ። ኒኬይ ያን ቁጥር መልሶ ያለፈው በየካቲት 2024 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ። በጨዋታዎቹ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን እዚያው 1989 ላይ ቆሞ ቀርቷል።

እውነተኛው ያኩዛስ ምን ደረሰበት? እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ከስሙ እንነሳ። ያኩዛ የሚለው ቃል ከካርታ ጨዋታ የመጣ ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ሦስት፤ በጃፓንኛ ያ፣ ኩ፣ ሳ። ሲደመሩ 20። በዚያ ጨዋታ የሚቆጠረው የመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ናት፤ ስለዚህ 20 ማለት ዜሮ ነው። ባዶ እጅ። ስሙ "ለምንም የማይሆን" እንደማለት ነው። መነሻቸው የሚመዘዘው ከኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ቁማርተኞችና በየበዓሉ እየዞሩ ከሚቸረችሩ ነጋዴዎች ነው። ኋላም ብዙዎች የገቡት ሌላ በር ስለተዘጋባቸው ነው። የኮርያ ዝርያ ያላቸው ነበሩበት። ቡራኩሚን የሚባሉትም ነበሩበት፤ ቆዳ ስለሚፍቁና ከብት ስለሚያርዱ በዘር የተናቁ ሰዎች። እኛ አገር "ፋቂ" የሚለው ቃል ሰው ላይ እንዴት እንደሚወረወር የሰማ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ትልቁ ቡድን ያማጉቺ-ጉሚ ይባላል። በ1915 ኮቤ ወደብ ላይ በጫኝና አውራጆች መካከል ነው የተመሠረተው። እንደነዚህ ያሉ ቡድኖች ቢሮ ነበራቸው፤ በር ላይ ስማቸውን ይለጥፉ ነበር። አባል መሆን በራሱ ወንጀል አይደለም። በ1963 የአባላትና የተባባሪዎች ቁጥር 184,000 ገደማ ደርሶ ነበር። በ2024 መጨረሻ 18,800 ሆነ። አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ከነዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 50 ዓመት ያለፋቸው ናቸው።

ይህን ያደረገው ጥይት አይደለም። የባንክ ቅጽ ነው። በ1992 አንድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ ቡድኖቹን "ቦርዮኩዳን"፣ የዓመፅ ቡድን፣ ብሎ እየመዘገበ ይቆጣጠር ጀመር። በ2011 ደግሞ ያኩዛን የሚያገልሉ የአካባቢ ደንቦች 47ቱን የጃፓን ክፍለ ግዛቶች አዳረሱ። ደንቦቹ የሚይዙት ከያኩዛው ይልቅ ከያኩዛው ጋር የሚሠራውን ነው። ለእነሱ ጥቅም የሰጣችሁ ነጋዴ ከሆናችሁ ማስጠንቀቂያ ይደርሳችኋል፤ ካልሰማችሁ ስማችሁ በአደባባይ ይወጣል። ባንክ ሒሳብ ሲከፈት፣ ቤት ሲከራይ፣ የስልክ ውል ሲፈረም "አባል አይደለሁም" የሚል አንቀጽ አለ። አባል ሆኖ መፈረም ማጭበርበር ነው፤ ያስይዛል። ቡድኑን ትቶ የወጣም ቢሆን ለ5 ዓመት ያህል እንደ አባል ይታያል። ደሞዝ በባንክ በሚከፈልበት አገር ያለ ባንክ ሒሳብ ማን ይቀጥረዋል?

አሁን ይህን ወደ 2080 ውሰዱት። ሁሉ ነገር በመታወቂያ ቺፕ በሚሠራበት ከተማ፣ አውቶቡስ መሳፈር ያልቻለ ሽማግሌ የወንጀል አለቃ። ከሰይፉ ይልቅ ይህ አይከብድም?

የጣቱን ነገርም እንደገና አሰብኩበት። ጥፋት ያጠፋ አባል የግራ እጁን ትንሽ ጣት ጫፍ ቆርጦ ለአለቃው ይሰጣል። ትንሿ ጣት ሰይፍ ስትጨብጥ ጉልበት የምትሰጥ ናት፤ እሷ ከጎደለች በአለቃህና በጓደኞችህ መደገፍህ ግድ ነው ይባላል። ዛሬ ከቡድኑ የወጡ ሰዎች ሥራ ለማግኘት የሲሊኮን ጣት ያሠራሉ። እኛ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ የሚሠራ የብረት ጣት ጥግ ካለው ሱቅ ይሸጣል። እንግዲህ ቅጣቱ ትርጉም አጣ ማለት ነው? ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። በኋላ አለቃዬን ጣቱን ሳያስተካ ተውኩት። ማንም ሰው አሥር ጣት መግዛት በሚችልበት ከተማ፣ ሆነ ብሎ ዘጠኝ ይዞ የሚኖር ሰው። ስለ ጣቱ አንድም ጊዜ አያወራም። ሻይ ሲያነሳ ብቻ ትታያለች።

ዝምድናቸውን ለተጫዋቾቼ ማስረዳት ግን ከበደኝ። አለቃው ኦያቡን ይባላል፤ የአባት ቦታ የያዘ። ተከታዩ ኮቡን ነው፤ የልጅ ቦታ የያዘ። በእንግሊዝኛ ሳስረዳ የመሥሪያ ቤት አለቃና ሠራተኛ እየመሰለ አስቸገረኝ። በአማርኛ ቢሆን በአንድ ቃል እጨርሰው ነበር፤ የጡት አባትና የጡት ልጅ። ድሮ አንድ ሰው ከባላባት ጋር ጡት ሲጣባ በደም የማይዛመደውን ሰው አባቴ ብሎ ይገባል፤ ያኛውም ልጄ ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ጠብህ ጠቡ ነው፣ ዕዳህ ዕዳው ነው። የያኩዛዎቹ ማሠሪያ ሳኬ፣ የጃፓን የሩዝ መጠጥ፣ ነው። በመሠዊያ ፊት ይቀመጣሉ፣ በሽማግሌ ምስክርነት ጽዋው ይቀዳል። የሚቀዳው መጠን እንኳን ትርጉም አለው፤ እኩል ለእኩል ወንድማማቾች አምስት አምስት፣ ታላቅና ታናሽ ከሆኑ ስድስት ለአራት ወይም ሰባት ለሦስት። ልጅ የሚሆነው ከጠጣ በኋላ ጽዋውን በወረቀት ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይከታል። ጽዋውን መመለስ ዝምድናውን ማፍረስ ነው።

ይህን ሳውቅ ማሳመር አማረኝ። መጠንቀቅ ያለብኝም እዚህ ላይ ነበር። ራሳቸውን የሚጠሩት "ኒንክዮ ዳንታይ" ብለው ነው፤ ለተበደለ የሚቆም ማኅበር። በ1995 ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ያማጉቺ-ጉሚ ምግብና ውሃ አከፋፍሏል፤ እውነት ነው። ግን በ2012 ኪታኪዩሹ ከተማ ውስጥ "የያኩዛ አባል አይገባም" የሚል ምልክት የለጠፉ መጠጥ ቤቶች ባለቤቶች በስለት ተወግተዋል። ሽማግሌውን አሳዛኝ ሳደርግ ከተወጉት ባለቤቶች የአንዷን ሴት ፊት መርሳት አልፈልግም። ስለዚህ አንዲት እንደሷ ያለች ሴት በጨዋታችን አስገባሁ። ጉንጯ ላይ ጠባሳ አላት። አለቃው በሱቋ ፊት ባለፈ ቁጥር መብራቷን ታጠፋለች።

አዲሶቹን ወንጀለኞች በአጭሩ ልለፋቸው። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ፖሊስን የሚያስጨንቁት ስም አልባ ቡድኖች ናቸው። ወጣቶችን በማኅበራዊ ሚዲያ "ጥሩ ክፍያ ያለው ሥራ" ብለው ይመለምላሉ፤ "ያሚ ባይቶ"፣ የጨለማ ሥራ፣ ይሉታል። አዛዡና ታዛዡ አይተዋወቁም። ጽዋ የለ፣ አባት የለ። የኔ 2080 የተሞላው በእነሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን አለቃ አስገባሁ። 74 ዓመቱ ነው። ንቅሳቱ በሸሚዙ ስር ነው፤ አልገለጽኩትም። ድምፄን አልቀየርኩም፤ በራሴ ድምፅ፣ ረጋ ብዬ አወራሁ። የመጣው ስልክ ወደምትጠግን አንዲት ገጸ ባሕርይ ሱቅ ነው፤ ያን ጊዜ ዝም ያለችው ልጅ የያዘቻት ናት። "ልጄ" አላት፣ "በስምሽ አንድ ስልክ አውጪልኝ። የልጅ ልጄ ሆስፒታል ናት። ሊደውሉልኝ አልቻሉም።"

"ከተያዝኩ ስሜ ይወጣል" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ስንት ይከፍሉኛል?"

ብሩን አላነሳም። እኔ ብድግ ብዬ ከጓዳ አንድ ሲኒ አመጣሁ፤ ቤቴ ውስጥ የሳኬ ጽዋ የለም። ውሃ ቀዳሁበት። የቀዳሁት ሰባት ለሦስት ነው ብዬ ለሌሎቹ አልነገርኳቸውም፤ እሷ ግን አየችው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ዳይስ የነካ ሰው አልነበረም። ሲኒውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ለረጅም ጊዜ አየችው። የመጠጥ ቤቷ ሴት ከመንገዱ ማዶ ቆማ እያየቻት እንደሆነ ነገርኳት። ጠጣች። ከዚያ ሶፍት ሳበች፣ ሲኒውን ጠቀለለችና ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው።

ስትሄድም አላወጣችውም። እኔም አልጠየቅኳትም። ስድስት የነበረው ረከቦቴ ላይ አምስት ሲኒ ቀርቷል። ቅዳሜ መጥታ ሲኒውን ትመልስለት እንደሆነ እሱን እየጠበቅኩ ነው።