የዶናልድ ፕሌዘንስ ፊት

ክቡራትና ክቡራን የፊልም ወዳጆች፣

ዛሬ ማታ የምናየው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን የጆን ካርፔንተርን «ሃሎዊን» ነው። ስለ ገዳዩና ስለ ነጭ ጭምብሉ ብዙ ስለተባለ፣ የተሰጠኝን ጊዜ የገዳዩን የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ሉሚስን ሆኖ ለተጫወተው እንግሊዛዊ ተዋናይ ለዶናልድ ፕሌዘንስ ላውለው ወደድሁ። ጅብ አየሁ ብሎ በሌሊት ሮጦ ቤት የገባ ሰው ሲያጋጥመን ጅቡን ፍለጋ ከመውጣታችን በፊት የሰውየውን ፊት እናያለን፤ የምናምነውም ሆነ የምንጠራጠረው ከፊቱ ተነሥተን ነው። በአስፈሪና በሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች የፕሌዘንስ ሥራ ይህ ነበር፤ ከእርሱ የበለጠ የሠራው ሰውም አላየሁም።

ፍርሃትን የተማረው በትወና ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። በ1919 ዎርክሶፕ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተወለደው ፕሌዘንስ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ ከመዋጋት ተቆጥቦ ነበር። በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ አየር ኃይል ገባና በላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆነ። በ1944 አውሮፕላኑ ፈረንሳይ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ በጀርመኖች ተማረከ፤ በእስር ካምፑም ከምርኮኛ ጓደኞቹ ጋር ቴአትር ያዘጋጅ ነበር። በ1963 «ታላቁ ማምለጥ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ስለ ምርኮኞች ኑሮ ለዳይሬክተሩ አስተያየት ቢሰጥ፣ አስተያየትህን ለራስህ ያዝ ተባለ፤ በእውነት ምርኮኛ እንደነበረ ሌላ ተዋናይ ከነገራቸው በኋላ ግን ይጠይቁት ጀመር። በዚያ ፊልም ዐይኑ እየጠፋ የሄደ ሰነድ አስመሳይ ነው። ማየት እንደሚችል ለማሳመን ቀድሞ ወለል ላይ ያስቀመጣትን መርፌ በቁርጥ እርምጃ ሄዶ ሲያነሣት፣ ወዲያውም አለቃው ባስቀደመለት እግር ተሰናክሎ ሲወድቅ የሚያሳየውን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

በ1966ቱ «ድንቅ ጉዞ» ደግሞ አንድ ሰርጓጅ መርከብ ከነተሳፋሪዎቹ እጅግ አንሶ፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ ተልእኮውን እንዲፈጽም በአንድ ሳይንቲስት የደም ሥር ውስጥ ይላካል። ታሪኩ እንዲህ የማይሆን ሆኖ ሳለ፣ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ፕሌዘንስን የሚያስጨንቀው የመታፈን ፍርሃት ስፍራውን እውነተኛ ያደርገዋል። ያ ፍርሃት ሰውየው የሸሸገውን ክዳት ከዐይናችን ይሸፍንልናል፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ አዘንሁለት እንጂ አልጠረጠርሁትም። በቀጣዩ ዓመት በጄምስ ቦንድ ፊልም ውስጥ የቦንድን ዋና ጠላት የብሎፌልድን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በእርሱ ነው። በ1971 በጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ውስጥም ግድግዳ በሌለው ነጭ እስር ቤት ሲለፈልፍ እናገኘዋለን።

ወደ «ሃሎዊን» ልመለስ። የፊልሙ በጀት 300,000 ዶላር ገደማ ስለነበር ለሉሚስ ቦታ አስቀድመው የተጠየቁት ፒተር ኩሺንግና ክሪስቶፈር ሊ ሳይሆንላቸው ቀረ፤ ፕሌዘንስ በ20,000 ዶላር የአምስት ቀን ሥራ ተቀበለ። በአምስት ቀን ያደረገውን አስቡት። በባዶው ቤት ከሸሪፉ ጋር ቆሞ፣ ገዳዩን ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳለ ካገኘው በኋላ 8 ዓመት ወደ ልቡ ለመድረስ፣ 7 ዓመት ደግሞ እንዳይፈታ ሲደክም እንደኖረ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ዐይኑን ሳያርገበግብ ይናገራል። ደም የለም፣ ጩኸትም የለም፤ ሐኪም ሆኖ የተሸነፈ ሰው ድካም ብቻ አለ። ያንን ንግግር ሌላ ተዋናይ ጮኾ ቢለው ኖሮ ፊልሙ በዚያው በተበላሸ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ፊልሙን ስላያችሁት ስለ መጨረሻው ብናገር አትቀየሙኝም። ሉሚስ ስድስት ጥይት ተኩሶ ገዳዩን ከሰገነት ጥሎታል፤ ወደ ታች ሲመለከት ሣሩ ላይ ማንም የለም። ፕሌዘንስ ይህችን ቅጽበት በድንጋጤ ወይስ «ይህን ዐውቄው ነበር» በሚል ፊት ልጫወታት ብሎ ዳይሬክተሩን ጠየቀው፤ ሁለቱም ተቀረጹ። በፊልሙ ውስጥ የቀረው ሁለተኛው ነው። ዛሬ እዚያ ስንደርስ ባዶውን ሣር ትታችሁ ፊቱን እንድታዩልኝ እለምናችኋለሁ።