ሞተሩ ሲቆራርጥ ካንዴላ ለመግዛት አትሩጡ

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ! የዛሬዋ መኪና ማዝዳ ሚያታ ናት፤ የ1999 ሞዴል፣ 1.8 ሊትር። አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሚወዳደሩ አማተሮች በጣም ይወዷታል፤ «ስፔክ ሚያታ» የሚባል የራሷ የውድድር ክፍል እንኳ አላት። ችግሯ? ቆማ ስትሠራ ጨዋ ናት። ቀጥታው መንገድ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጧት ግን፣ በደቂቃ ከ5000 ዙር በላይ፣ ትቆራርጣለች። ሚስ ታደርጋለች።

በርበሬ ሲወቀጥ ሰምታችኋል አይደል? አንድ ሙቀጫ፣ አራት ሴቶች፣ አራት ዘነዘና። ትልቅ ሙቀጫ ነው፣ እሺ፣ አትከራከሩኝ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ታወርዳለች። ተራ አላቸው። የሞተሩ አራት ሲሊንደሮችም ተራ አላቸው፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። አሁን አንዷ ሳታወርድ ቀረች። ዱም፣ ዱም... ዱም። ጓዳ የተቀመጠ ሰው ሳያይ ያውቃል! ግን የትኛዋ ናት? በየተራ «አንቺ አረፍ በይ» ትሏቸዋላችሁ። ስታርፍ ምቱ ከተበላሸ፣ ስትወቅጥ ነበር። ስታርፍ ምንም ካልተለወጠ... እሜቴ፣ መጀመሪያስ መቼ ወቀጥሽ! ለምን እንዳልወቀጠች ደግሞ ሦስት ነገር ነው፦ ዘነዘናው አልወረደም፣ ያ ነዳጁን እንዲቃጠል የሚያደርገው የካንዴላው ብልጭታ ነው። ሙቀጫው ውስጥ በርበሬ የለም፣ ያ ነዳጅ ነው። ሙቀጫው ተሰንጥቋል፣ ያ ኮምፕሬሽን ነው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት። በደቂቃ 6000 ዙር ላይ እያንዳንዷ በሰከንድ 50 ጊዜ ትወቅጣለች። ምስኪን በርበሬ!

ወደ ሥራው። መቆራረጡ ቆማም ካለ፣ የኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ የሚረጩትን) ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ዙሩ ያልወረደበት ሲሊንደር እሱ ነው። እንደኛዋ ጭነት ላይ ብቻ ከሆነ የመኪናው ኮምፒውተር የጻፈውን የስህተት ኮድ ማንበቢያ ስኩ። ፒ0301 አንደኛው ሲሊንደር፣ እያለ እስከ ፒ0304። ፒ0300 «አንዱን ለይቼ አላውቀውም» ማለት ነው። ይቺ ሁለት ቦቢና (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ዕቃ) አላት፤ አንዱ ለ1 እና ለ4፣ ሌላው ለ2 እና ለ3። ጥንዶቹ አብረው ከሞቱ ቦቢናውን ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ከሆነ ካንዴላውን ወደ ሌላ ሲሊንደር አዛውሩ፤ ኮዱ ከተከተለው አገኛችሁት። ካልተከተለው ወደ ካንዴላው የሚሄደውን ገመድ፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ! ሦስት ነገር አንዴ ቀይራችሁ «ዳነች» ካላችሁ ምን እንዳዳናት አታውቁም።

አሁን ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣውን ላንሳ፣ አለዚያ አትለቁኝም። «የካንዴላውን ክፍተት አስፋው፣ ብልጭታው ይበረታል።» የለም። የለም! ብልጭታው ክፍተቱን የሚዘለው በቮልት ነው። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ብዙ ቮልት ይጠይቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በጨመረም ቁጥር እንዲሁ። ቆማ ስትሠራ የሚገባው አየር ትንሽ ነው፤ ደካማ ብልጭታም ይዘላል። እስከ ወለሉ ስትረግጧት ሲሊንደሩ ይሞላል፤ ያው ብልጭታ መዝለል ያቅተውና ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል፤ ባረጀው የገመድ ጎማ በኩል ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ያመልጣል። ቆማ ደህና ሆና ጭነት ላይ የምትቆራርጥ መኪና ስትመጣ ብልጭታውን የምናስቀድመው ለዚህ ነው። የሚያታ ክፍተት ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። 1.4 ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ችግሩን በእጃችሁ ሠርታችሁታል። እንዲያውም ለሙከራ ወደ 0.8 አጥብቡት። መቆራረጡ ከቀነሰ ቦቢናው ወይም ገመዱ ደክሟል።

«ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ ልንቀል» የምትሉም አላችሁ። አትንቀሉ። ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው፤ ቦቢናውንም ልታቃጥሉ ትችላላችሁ። ደግሞ ጥንዶቹ አንድ ቦቢና ስለሚጋሩ የአንዱን ስትነቅሉ የሌላውም ብልጭታ ሊበላሽ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሙከራው ራሱ ይዋሻችኋል። (ቪዲዮው ካዳናችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ከቦቢና ይረክሳል።)

ካንዴላው የሚወጣው ሞተሩ ሲበርድ ነው፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ከፈታችሁት ጥርሱ ሊበላ ይችላል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካለ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አፍስሷል። ሚያታ ላይ የተለመደ ነው፤ ዘይቱ የገመዱን ጎማ ያበላሸዋል። ነጩ ሸክላ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካያችሁ ብልጭታው ያመለጠበት መንገድ ነው። ካንዴላውንም ገመዱንም አብራችሁ ቀይሩ፣ አለዚያ አሮጌው አዲሱን ያበላሻል። ቤንዚን የሚሸት እርጥብ ካንዴላ ብልጭታ ሳያጣ አልቀረም። ሲመለስ ከ15 እስከ 23 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል።

ብልጭታውም ነዳጁም ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን። ሞተሩ ይሙቅ፣ ከዚያ ጠፍቶ ትንሽ ይብረድ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የቦቢናውና የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ይነቀል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ይረገጥ፣ በየካንዴላው ቀዳዳ የግፊት መለኪያ እየገባ ሞተሩ በማስነሻው ይዙር። አንዱ ከሌሎቹ ወደ 2 ባር ካነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ግፊቱ ከወጣ የፒስተን ፋሻ፣ ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን ቀድማችሁ ጠርጥሩ።

ውድድር መኪና ላይ ብቻ የሚያጋጥም አንድ ጉድ አለ። ኮምፒውተሩ መቆራረጥን የሚያውቀው ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሲዞር ፍጥነቱ በመዋዠቁ ነው። የቀለለ ቮላኖ (ከኮሎው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ከገጠማችሁ ወይም የመንገዱን ጠርዝ እየረገጣችሁ ከነዳችሁ፣ ምንም ሳይኖር ፒ0300 ሊጽፍ ይችላል። ጆሯችሁ ካልሰማ ኮዱን ብቻ አትመኑ።

መቆራረጡ ረጅም ኩርባ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ አራቱም አንዴ ጥፍት ካሉ፣ ካንዴላውን ተዉት። ነዳጁ ወደ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። ታንከሩን ሞልታችሁ ያንኑ ኩርባ ድገሙት።